ከእንጦጦ ወዲያ

የሐምሌ ዝናብ እንጦጦ አናት ላይ ሲወርድ ለሁለት ይከፈላል። ወደ ደቡብ ያዘነበለው ጠብታ በቀጨኔና በቀበና ይወርዳል፤ የሠፈራችንን ጉድፍ ሁሉ ተሸክሞ አቃቂ ይገባል፤ አቃቂ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም እስከ አፋር በረሃ ተጉዞ፣ ባሕር ሳያይ፣ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ወደ ሰሜን ያዘነበለው ግን ሱሉልታ ሜዳ ላይ አረፍ ይልና ከሲቢሉ ወንዝ ጋር ሙገርን ይይዛል፤ ሙገርም ቆላ ወርዶ ከአባይ ይገናኛል። አባይ ከዚያ ወዲያ የት እንደሚደርስ ሕፃን ሳይቀር ያውቃል። በሁለቱ ጠብታዎች መካከል፣ ተራራው ጫፍ ላይ፣ ስንዝር የምትሞላ ልዩነት የለችም።

እኔ የደቡቡ ወገን ነኝ። ቤቴ ጉለሌ ነው፤ ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ከፍ ብሎ፣ ባሕር ዛፉ የሚጀምርበት። ልቤ ግን ገና በልጅነቴ የሰሜኑን ውሃ ተከትሎ ወረደ፤ አልተመለሰም። ሆዴ ሆይ፣ ስንት ክረምት ላባብልህ? ደመናው ይሄዳል። ውሃው ይሄዳል። ሳይክሌ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች፤ ጎማዋ ተነፍቶ፣ ሰንሰለቷ ዘይት ጠጥቶ፣ መሄጃ አጥታ።

የናፈቀኝ ኮረኮንች ነው። ይህን ስል የሚስቅብኝ አይጠፋም። አባቶቻችን አስፋልት ይግባልን እያሉ ስንት ማመልከቻ የጻፉበትን፣ እርጉዝ ሴት በጭነት መኪና ስትሄድበት ምጧ የሚመጣበትን መንገድ እንዴት ሰው ይናፍቃል? እኔ ግን ናፈቀኝ። ገረጋንቲው ከጎማ ሥር ሲንኮሻኮሽ፣ አቧራው ቅንድብ ላይ ሲያርፍ፣ መሪው እጅ ውስጥ ሲንዘረዘር። ኮረኮንች ላይ ፍጥነት የለም፤ ፍጥነት ስለሌለ ሰላምታ አለ። እረኛው ከብቱን ትቶ ጎን ለጎን ይሮጣል፤ «በርታ! ንዳው!» ይላል። ገበያ የምትሄድ ሴት «ውሃ ጠጣ እንጂ ልጄ» ትላለች። ከየት መጣህ ይሉሃል፤ ከጉለሌ ስትል ጉለሌ ያለ ዘመድ ይቆጥሩልሃል።

ዓለም ደግሞ ይህንኑ መንገድ ስፖርት አድርጎታል። ግራቭል ይሉታል። አሜሪካ፣ ካንሳስ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ሰው ገንዘብ ከፍሎ፣ ተመዝግቦ፣ ሲነጋ ተነሥቶ ቀኑን ሙሉ ኮረኮንች ሲነዳ ይውላል። በ2021 ኬንያ ውስጥ፣ ማሳይ ማራ ላይ፣ እንዲህ ያለ ውድድር ተጀመረ፤ በ2022 ጣሊያን ቬኔቶ ውስጥ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ተካሄደ። ፈረንጅ ከፍሎ የሚንቀጠቀጥበትን እኛ በነፃ ስንንቀጠቀጥበት ኖረናል፤ ሜዳልያ የሰጠን ግን የለም። በዚያው በ2022 ክረምት ኬንያዊው ሱሌ ካንጋንጊ ቨርሞንት ውስጥ ኮረኮንች ላይ ሲወዳደር ወድቆ ሞተ። ዕድሜው 33 ነበር። የምሥራቅ አፍሪካ ልጆች በሩጫ እንደታወቁት በሳይክልም ይታወቁ ብሎ የለፋ ሰው ነው። በዓይኔ አይቼው አላውቅም፤ ያን ሳምንት ግን የራሴ ሰው የሞተብኝ ያህል አዘንኩ።

እኛም ብንሆን ለሳይክል እንግዳ አይደለንም። ኢትዮጵያ በኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሰለፍ፣ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን፣ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩ፤ ገረመው ደንቦባ ከእነርሱ አንዱ ነው። የመቀሌው ልጅ ፅጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን ሲነዳ ከኢትዮጵያውያን የቀደመው አልነበረም። እነዚህ ልጆች የተማሩት የት ይመስላችኋል? በዚሁ በሀገራችን ዳገት፣ በዚሁ ቁልቁለት፣ በዚሁ ነፋስ ነው።

ሌሊት እንቅልፍ ሲከዳኝ በሐሳቤ እወጣለሁ። የአዲሱ ገበያን ዳገት በትንሿ ማርሽ እይዛለሁ። የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ጥድና ወይራ በጎን ይቀራል። አናቱ ላይ ስደርስ ከተማው ከኋላዬ ይጠልቃል፤ ከፊቴ የሱሉልታ ሜዳ ይዘረጋል፤ የሣር ክምር፣ የወተት ላም፣ በጉም ውስጥ የሚሮጡ ልጆች። ጫንጮን አልፋለሁ። ደብረ ፅጌን አልፋለሁ። ነፋሱ ከጎን ይገፋኛል፤ የሰላሌ ፈረሰኛ ጋቢውን አጣፍቶ ይቀድመኛል፤ ከፈረስ ጋር አልከራከርም።

ወደ 100 ኪሎ ሜትር ግድም ላይ ደብረ ሊባኖስ ይመጣል። ከሳይክሌ ወርጄ እሳለማለሁ፤ ግንቦት 1929 የግራዚያኒ ወታደሮች የጨረሷቸውን መነኮሳት አስባለሁ። ከዚያ ጥቂት ወጣ ብሎ፣ ገደሉ አፉን ሳይከፍት በፊት፣ ትንሿ ወንዝ ላይ አንድ የድንጋይ ድልድይ አለ። የፖርቱጋል ድልድይ ይሉታል። ፖርቱጋሎች ከኢትዮጵያ ከወጡ ሁለት መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ የተሠራ ነው፤ ያሠሩት የሰላሌው ገዥ፣ የምኒልክ አጎት፣ ራስ ዳርጌ እንደሆኑ ታሪክ የሚያውቁ ይናገራሉ። የእኛ ሰው ጥሩ ድንጋይ ባየ ቁጥር ለምን ፈረንጅ እንደሚያስብ አይገባኝም። ጭላዳዎቹ ግን የማንም ይሁን የማን ግድ የላቸውም፤ ጠዋት ጠዋት ከገደሉ ወጥተው በላዩ ይሻገራሉ። ሥሩ የሚያልፈው ውሃ ጥቂት ሄዶ ገደል ይገባል፤ ወደ ጀማ ይወርዳል፤ ጀማም አባይን ይፈልጋል።

ከዚያ ፍቼ። ከፍቼ ገብረ ጉራቻ። ከገብረ ጉራቻ ጎሐ ጽዮን። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል።

አዬ ያ ቁልቁለት! ደጋውን ለብሰህ ትጀምረዋለህ፤ ቆላውን ራቁትህን ትጨርሰዋለህ። ከ1000 ሜትር በላይ ወደ ታች ነው። ፍሬኑ ይሸታል፤ ጆሮ ይደነቁራል፤ ዛፉ ይለወጣል፤ ወፉ ይለወጣል። ታች አባይ ቡናማ ሆኖ ይጠብቃል፤ በላዩ ሁለት ድልድይ፣ አሮጌውና በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ በጃፓን ዕርዳታ የተመረቀው 303 ሜትሩ የኅዳሴ ድልድይ። በአሮጌው መሻገር ነበር የምመኘው። ማዶ ወዳለው ደጀን የሚወስደውን ዳገት ሳይክሌን እየገፋሁ፣ እያረፍኩ፣ ሎሚ እየመጠጥኩ እወጣለሁ።

ደጀን ላይ ዋናው መንገድ ወደ ግራ፣ ወደ ደብረ ማርቆስ ይታጠፋል። በዚያ በኩል ተምጫ አለ፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1870ዎቹ ጣሊያናዊውን መሐንዲስ ሳሊምቤኒን አስመጥተው ድልድይ ያስገነቡበት ወንዝ። ልቤ ግን ወደ ቀኝ ነው፤ ወደ ቢቸና፣ ወደ ሞጣ። በግራ ጮቄ ተራራ ደመና ተከናንቦ ይቀመጣል፤ ከእርሱ የሚወርዱት ወንዞች መንገዱን እየቆረጡ በስተቀኝ ወደ አባይ ይወርዳሉ። ለሳይክል ከዚህ የበለጠ ሀገር አላውቅም፤ ጤፉ፣ ወንዙ፣ ዳገቱ፣ ወንዙ፣ ደብሩ፣ ደግሞ ወንዙ። ሞጣ ስትደርስ ከሰባራ ድልድይ የሚለይህ የአባይ ቁልቁለት ብቻ ነው።

ሰባራ ድልድይን በልጅነቴ የሰማሁት ከጎረቤታችን ነው። እትዬ የሞጣ ሰው ናቸው፤ በእድራችን ዕቃ የሚቆጥሩት እርሳቸው ናቸው። ጎጃምንና በጌምድርን የሚያገናኘው ያ ድልድይ በዐፄ ፋሲል ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1660 ገደማ እንደተሠራ ይነገራል። ኖራ ነው ያያያዘው፤ ሽማግሌዎች እንቁላልም ተደባልቆበታል ይላሉ። ብረት የለውም። ሲሚንቶ የለውም። ቅስቱን ስታየው እያንዳንዱ ድንጋይ ጎረቤቱን ገፍቶ ይይዘዋል፤ ሁሉም ሊወድቅ ይፈልጋል፤ ሁሉም ሊወድቅ ስለፈለገ አንዱም አይወድቅም። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ግን አርበኞች ጠላት እንዳይሻገርበት አንዱን ቅስት አፈረሱት ይባላል። ጠላት ሄደ፤ ክፍተቱ ቀረ። ስሙም ሰባራ ሆነ።

«አባቴ በገመድ ነበር የሚሻገር» አሉኝ እትዬ አንድ ቀን ቡና እያፈሉ። «ወገቡን ያስሩታል። ከወዲያ ማዶ ጎበዛዝቱ ይስቡታል። ሥሩ አባይ ነው፤ እኔ ዓይኔን እጨፍናለሁ።»

«እርስዎስ ተሻግረው ያውቃሉ?»

«ሴት ልጅ ምን ልታደርግ? ወንድሜ ግን ይሻገር ነበር። ለእስቴ ገበያ። እየሳቀ ነበር የሚሳብ፣ ያ ሞኝ።»

ይህ የጥንት ወሬ አይደለም። ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ የወጣች ፎቶግራፍ ሰው እንዲሁ በገመድ ሲሳብ ታሳያለች። ያችን ፎቶ እ.ኤ.አ. በ2001 ያየ ኬን ፍራንትዝ የሚባል አሜሪካዊ ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የሚባለውን ድርጅት አቋቋመ፤ በ2002 ከሀገሬው ሰው ጋር ሆኖ ክፍተቱን በብረት ገጠመው። ብረቱን ሰውና አህያ ተሸክሞ ነው ቁልቁለቱን የወረደው። ሦስት ዓመት አልፎ የ2005ቱ ክረምት ሲመጣ አባይ ሞልቶ ብረቱን ጠራርጎ ወሰደው። በ2009 ደግሞ ከፍ አድርገው ተንጠልጣይ የገመድ ድልድይ ዘረጉ። የፋሲል ድንጋይ ግን ጎርፉን ሁሉ ችሎ እዚያው አለ። ይህን ሳስብ ለማን እንደምኮራ፣ በማን እንደማዝን አላውቅም።

እትዬን አንድ ክረምት እንዲህ አልኳቸው፦ «ከእንጦጦ በሰሜን በኩል የሚወርደው ውሃና በሰባራ ድልድይ ሥር የሚያልፈው ውሃ ይገናኛሉ። ሙገር አባይ ውስጥ የሚገባበት ቦታ ላይ።»

ዝም አሉ። ሲኒውን አስቀመጡ። «እውነትህን ነው?» አሉ። «እውነቴን ነው» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ዝናብ በጣለ ቁጥር በሩ ላይ ቆመው ሲያዩት አያቸዋለሁ፤ የእኛ ሠፈር ዝናብ ወደ አዋሽ እንደሚሄድ ልነግራቸው አንጀቴ አልቻለም።

ከዚያ መንገዱ ተበላሸ። ማን አበላሸው የሚለውን ለሚያውቁት ልተወው፤ እንጉርጉሮ ሸንጎ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት አማራ ክልል ውስጥ ጦርነቱ ተነሣ። ከጫካ ወደ መንገድ የወጣው ሰውን አግቶ ገንዘብ መጠየቅ ደግሞ ከዚያም በፊት ነበር። ሰኔ 2016 መጨረሻ ላይ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ የሚመለሱ ተማሪዎች የተሳፈሩባቸው አውቶቡሶች ገብረ ጉራቻ አካባቢ ተይዘው ከመቶ በላይ መንገደኛ ታገተ። መጽሐፍ የያዙ፣ ክረምቱን ከእናታቸው ጋር ሊያሳልፉ የነበሩ ልጆች። እኔ በሐሳቤ ነፋስ እየገፋኝ የማልፍበት ያ ሜዳ ነው። ለሳይክል የማዝንበት አፍ ያን ቀን ተዘጋብኝ።

ታዲያ የእትዬ ወንድም ሞጣ ላይ አረፈ። መርዶው በስልክ መጣ። እንደ ወጉ ንጋት ላይ ሽማግሌ መጥቶ በር አልቆረቆረም፤ ዘመድ ተሰብስቦ አልደረሰም፤ ስልኩ ጠራ፣ ጮኸች ልጃቸው፣ በቃ። መኪና የለም። ቢኖርም ማን ይለቃቸዋል? ድንኳኑ እዚሁ ጉለሌ ተተከለ፤ እድሩ ወንበር አወጣ፤ ሬሳ የሌለው ለቅሶ ተለቀሰ። ሁለተኛው ቀን ላይ፣ ሰው ሁሉ እህል እየቀመሰ ሳለ፣ እትዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እንዲህ ሲሉ ሰማኋቸው፦

ውሃና ውሃማ ቆላ ተገናኝቶ፣
እኔና ወንድሜ ቀረን መንገድ ጠፍቶ።

ግጥም እንደሚችሉ አላውቅም ነበር። እሳቸውም የሚያውቁ አይመስለኝም።

አሁን የምንነዳው እዚሁ ነው። እሑድ ጠዋት ጓደኞቼ ይሰበሰባሉ፤ እስከ ሱሉልታ ወጥተን ሻይ ጠጥተን እንመለሳለን። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ ውስጥ የሳይክል መንገድ አለ፤ ባሕር ዛፉ ይሸታል፣ አየሩ ደስ ይላል። ግን ዞሮ ዞሮ ወደ ተነሣህበት በር ይመልስሃል። በከተማው መሐል በአዲሶቹ ኮሪደሮች ላይ ለሳይክል ቀለም የተቀባ መሥመር ተሠርቷል፤ ልጆች ሲነዱበት ሳይ ደስ ይለኛል፤ እኛ በልጅነታችን ሳይክል ተከራይተን በየቱቦው ስንወድቅ ነው ያደግነው። አልክደውም፣ ጥሩ ነገር ነው። ለእኔ ጥም ግን አይሆንም። ለስላሳ መንገድ እግሬን እንጂ ልቤን አያደክመውም።

ባሕር ዳር ላይም ግንቦት 2016 አዲሱ የአባይ ድልድይ ተመረቀ፤ 380 ሜትር ርዝመት አለው፤ ሲመሽ መብራቱ ውሃው ላይ እንደሚያምር ያዩ ይነግሩኛል። የአውሮፕላን የሚከፍል ሄዶ ያየዋል፤ ፎቶ ይነሣበታል፤ ይመለሳል። እኔ በአዴት በኩል፣ አቧራ ለብሼ፣ ጢስ አባይን ተሳልሜ ልደርስበት ነበር የምመኘው። ከፏፏቴው ዝቅ ብሎ፣ አባይ ጠብቦ አለት ውስጥ በሚሾልክበት፣ የአላታ ድልድይ አለ፤ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራ፣ አራት መቶ ዓመት ገደማ የሆነው፣ ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 አይቶት የጻፈለት። ነገሥታት አልፈውበታል፤ ሙሽራ አልፎበታል፤ ጨው የጫነ አህያ፣ ታቦት፣ ሽፍታ፣ ተማሪ አልፎበታል። ከጉለሌ የተነሣ አንድ ሳይክል ቢያልፍበት ምን ይከብደዋል?

አንተ አላታ፣ አንተ ሰባራው፣ አንተም የዳርጌ ትንሹ ድልድይ፣ እኔ ሳልመጣ እንዳትወድቁ። ጉልበቴ ገና ዳገት ይችላል፤ እስከ መቼ እንደሚችል ግን ቃል አልገባም። እትዬም የወንድማቸውን መቃብር ሳያዩ መሞት አይፈልጉም። «በዚህ በጋሪህ ታደርሰኛለህ?» ይሉኛል፣ ሳይክሌን እያዩ። «ከኋላ አስቀምጬ አደርስዎታለሁ እትዬ» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። እኔ ግን የምሬን ነው፤ ሌላ ምን አለኝ?

በመንገዱ ላይ ጠመንጃ የያዛችሁ፣ በየትኛውም ወገን የቆማችሁ፦ ለቅሶ የሚሄድን ሰው አሳልፉ። በሞጣና በእስቴ፣ በጢስ አባይ፣ በደብረ ሊባኖስ፣ ከድልድዮቹ አጠገብ የምትኖሩ ወገኖቼ ደግሞ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከኖራው ስንጥቅ ውስጥ ሾላ ወይም ዋርካ በቅሎ ስታዩ፣ ገና ለጋ ሳለ ንቀሉት፤ ሥሩ ከወፈረ ቅስቱን ይከፍተዋል። ላልታ የወደቀች ድንጋይ ካገኛችሁም ለአጥር አትውሰዷት፤ እዚያው አኑሯት፤ ድልድዩ ሲጠገን ቦታዋ ያ ነው።